በአባቴና በመካ መሃል የቆመ ብስክሌት

በአባቴና በሐጅ መሃል የገባው ሕመም አይደለም፤ እርጅናም አይደለም። ብስክሌት ነው። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ብስክሌት ገጭቷቸው እግራቸው የተሰበረ እየመሰለው፣ "ወይኔ! አሁንስ ተሻላቸው?" ይለኛል። አልገጫቸውም። ቢገጫቸውማ በስንት ጣዕሙ፤ ወጌሻ ጠርተን እንገላገል ነበር። እንዲያውም ብስክሌቱ እኛ ቤት ከገባ ጀምሮ አንድም ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

ነገሩ የመጣው ከተራራው ነው። ቤታችን መርሳ ከተማ ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ተራራው ሥር ነው። ደገኞቹ በገበያ ቀን ገብስና ባቄላ ተሸክመው የሚወርዱበት፣ አህያ እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት ጠመዝማዛ መንገድ በማሳችን ጎን ያልፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ አንድ ፈረንጅ በዚያ መንገድ በብስክሌት ወረደ። ወረደ ማለቴ እንኳ ለክብሩ ነው። እኩሌታውን ወረደ፤ የቀረውን እሱ በአንድ በኩል፣ ብስክሌቱ በሌላ በኩል ሆነው መጡ። ፈረንጁ ያረፈው የማሳችን አጥር የሆነው ቁልቋል ላይ ነበር።

አባቴና ጎረቤቶቻችን ሮጠው ሲደርሱ፣ ፊቱን ሙሉ የሸፈነውን የራስ ቁርና ደረቱ ላይ ያሰረውን ጥሩር አይቶ ሰው መሆኑን የተጠራጠረም ነበር። ማቃሰቱ ግን የሰው ነበር። ትከሻው ተሰብሯል። እሾሁን እየነቀሉ በቃሬዛ አስፋልት ድረስ አወጡት፤ እኔም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ከትምህርት ቤት ተጠርቼ መጣሁ። ወደ ወልዲያ የሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ሲያስገቡት ደህናውን እጁን ወደ ብስክሌቱ ዘርግቶ፣ "እስክመለስ ጠብቁልኝ" አለ። አስተረጎምኩ። ምነው ያን ዕለት ድምፄ በተዘጋ! አባቴ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "አማና ነው በለው" አሉኝ። አማና እንግዲህ አደራ ማለት ነው፤ አባቴ ሲሉት ግን አደራ ከሚለው ቃል ሁለት ኩንታል ይከብዳል። ፈረንጁ ከወልዲያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አገሩ ሄደ። አማናው እኛ ቤት ቀረ።

ብስክሌት ስል አንባቢ መርሳ ገበያ ውስጥ ማንጎ የሚጫንበትን ብስክሌት ካሰበ ይተወው። የዚህኛው ጎማ የሞተር ሳይክል ያህል ይወፍራል። መሪው ከመስፋቱ የተነሳ በበራችን ያስገባነው እንደ ቁምሳጥን አጋድመን ነው። የፊት እግሮቹ የጎልማሳ ክንድ ያህላሉ፤ ከኮርቻው ሥር ደግሞ ወፍራም ሞላ አለው። ሲጫኑት ስንዝር ሙሉ ወደ ታች ይሰምጥና ተመልሶ ይነሳል። ዕቃ መጫኛ የለው፣ ጭቃ መከላከያ የለው፣ ደወል የለው፣ ማቆሚያ እንኳ የለው። ጎረቤት ሁሉ ሊያየው መጣ። አንዱ ነጋዴ መሪውን ጫን ሲያደርገው ሰመጠበትና ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፤ "ወላሂ እኔ አይደለሁም የሰበርኩት!" አለ። ሞላ እንዳለው አስረድተን እስኪረጋጋ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

"ይህ ብስክሌት የተሠራው ቁልቁለት ለመውረድ ብቻ ነው" ብዬ ያስረዳሁ እኔ ነኝ። የአባቴ የቆየ ወዳጅ የሆነ አንድ ክርስቲያን ገበሬ ባቄላውን ሸጦ ወደ ደጋው ሊመለስ ሲል እግረ መንገዱን ሊያይ ገብቶ ነበር። ተራራውን ቀና ብሎ አየና፣ "ቁልቁለቱንማ ድንጋይም ይወርደዋል። ዳገቱን የሚያወጣ ሲሠሩ ጥሩኝ" ብሎ ባዶ ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እኔ በኋላ ስለዚህ ዓይነት ብስክሌት የተጻፈውን ብዙ ነገር በስልኬ አንብቤአለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ትችት አላገኘሁም። ሰውዬው ዳገቱን ለመጨረስ እስከ ማታ መሄድ ነበረበት።

አካሉ ካርቦን ከሚባል ነገር መሠራቱን፣ ከብረት ቀልሎ እንደ ብረት እንደሚጠነክርም ነገርኳቸው። አባቴ በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው ቅለቱን አረጋገጡና፣ "ካርቦን ምንድን ነው?" አሉኝ። ሳይንሱን ባሳጥረው ብዬ፣ "የከሰል ዘመድ ይበሉት፣ አባ" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ ባለበት ቤት ክብሪት መጫር ተከለከለ። መብራት ሲጠፋ ሻማ የምናበራው በረንዳ ላይ ሆነ፤ እኛ ደጅ በወባ ትንኝ እየተበላን እንግዳው ውስጥ በሰላም ያርፋል። ካርቦን እንደ ከሰል በክብሪት አይያያዝም ብዬ ብዙ ተከራከርኩ። "ይያዝና ያን ጊዜ ማን ይጠየቃል?" አሉኝ።

ብደብቅ ምን ያደርግልኛል፣ ልነዳው አምሮኝ ነበር። አንድ ቀን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ "አባ፣ እንዲሁ ቆሞ እንዳይበላሽ ትንሽ ላንቀሳቅሰው?" አልኳቸው። "የሰው በቅሎ እግሯ እንዳይተሳሰር ብለህ ትጋልባታለህ?" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ሊያገባ ሆነና ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከብስክሌቱ ጋር ፎቶ ለመነሳት ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ብለው ሸኟቸው። ሙሽራው ተቀየመን። በሠርጉ ዕለት ከድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጠን፤ እናቴ ለሳምንት ያህል የምንላትን አትሰማም ነበር።

አባቴ አማናን የሚጠብቁት በመቆለፍ ብቻ አይደለም፤ በመንከባከብም ነው። ዘወትር ከጁምዓ ሰላት መልስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ብስክሌቱን ይወለውላሉ። ከጎማዎቹ መሃል ፍሬኑ የሚይዛቸው ሁለት ክብ ብረቶች አሉ። እነሱ እንዳይዝጉ ሰጉና፣ ጨርቅ በኑግ ዘይት እየነከሩ ሁልጊዜ ያብሷቸው ነበር። ብረቶቹ ፊት ያሳያሉ። አንድ ቀን በስልኬ ስለ ፍሬን አንብቤ ዘይት የነካው የዚህ ዓይነት ፍሬን እንደማይዝ ተረዳሁና ነገርኳቸው።

"እንግዲያ ያ ሰው መጥቶ ቢወጣበት?" አሉ።

"አይቆምለትም፣ አባ።"

"እስከ የት?"

"እስከ ቁልቋሉ።"

አባቴ የዘይቱን ጨርቅ መደቡ ላይ አኖሩት። "አማናውን መርዤዋለሁ" አሉ። ከዚያ በኋላ በዱቄት ሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ ያላጠቡበት ጊዜ አልነበረም፤ ታጥቦም ልባቸው አልረጋም። በጉዳዩ ለመሳቅ ብሞክርም ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ አባቴ ግራና ከተማ ነበሩ። እህል ሊገዙ ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ። እኔ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ሸሽቻለሁ። እናቴን እንሂድ ብላት፣ "የሰው ዕቃ ያለበት ቤት ጥዬ የት ልሂድ?" አለችና እምቢ አለች። ብቻዋን ሆና ያን ብስክሌት እየጎተተች ወደ ጓሮ ወሰደችው፤ የማሽላ አገዳ ከመረችበትና አጠገቡ ላሟን አሰረች። ቤታችን ሲፈተሽ ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ፍራሾቹ ሄዱ፣ የአባቴ ካፖርት ሄደ። የምርቃት ፎቶዬ ፍሬሙ ተወስዶ ፎቶው መሬት ላይ ተጥሎ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስንመለስ ከቤቱ ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ የተረፈው አማናው ብቻ ሆኖ አገኘነው። ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ! የእሳቸው አማና እኮ ጦር አይደፍረውም" እያለ አባቴን አመሰገነ። አባቴም "አልሐምዱሊላህ" እያሉ ምስጋናውን ተቀበሉ። እናቴ ፍራሽ የሌለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

ኋላ ነገሩ ሁሉ በረድ ሲል፣ አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት የሐጅ ተራቸው ደረሰ። ቤታችን በደስታ ተጥለቀለቀ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሰው ጋር ያለውን ሁሉ አጥርቶ ነው የሚሄደው፤ የበደለውን ይቅርታ ይጠይቃል፣ የሰው የሆነውን ይመልሳል። አባቴ "አፉ በሉኝ" እያሉ ወረዳችንን ሀብሩን አዳረሱት። ግራና ወርደው በመስኖ ውሃ የተጣሏቸውን ሰውዬ አፉ በሉኝ አሉ። ወልዲያ ድረስ ሄደው አንድ ነጋዴን ይቅርታ ጠየቁ፤ ሰውዬው ጠቡን ረስቶት ስለነበር መጀመሪያ አስታውሰውት፣ አናድደውት፣ ከዚያ ታረቁት። ደጋ ላለው ክርስቲያን ወዳጃቸው ሲሉም ተራራውን ወጡ፤ ዳገቱን የሚያወጣ ብስክሌት ገና አልተሠራምና በእግራቸው። እኔንም ሳይቀር በልጅነቴ ስላቀመሱኝ ጥፊዎች ይቅርታ ጠይቀውኛል።

ሁሉም ተጣርቶ ሲያልቅ ብስክሌቱ ቀረ። "የሰው አማና ታቅፌ አላህ ቤት በምን ፊቴ እቆማለሁ?" አሉ። የሰፈራችን ሼኽ መጥተው፣ "ለታማኝ ሰው አስረክበው ይሂዱ፤ ይፈቀዳል" አሏቸው። አባቴ ታማኝ ሰው መፈለግ ጀመሩ። ጎረቤታችን ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ያ ሙሽራ ልጁ ነው። ወልዲያ ያሉት አጎቴ አሉ፤ እሳቸው ቤት ግን ልጅ ይበዛል። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ ዘመዳችን ምሁር ነው፤ "እሱ ሙከራ ይወዳል፣ ዘር ማዳቀል ነው ሥራው። ብስክሌቱን ከምን እንደሚያዳቅለው በምን አውቃለሁ?" አሉ። በመጨረሻ እኔን ብዙ አዩኝና፣ "አንተ ልጄ ነህ። ግን ቁልቁለት ትወዳለህ" ብለው ተነፈሱ። መሄጃቸው እየቀረበ ነበር፤ ቁርጡን ሲጠየቁ፣ "ባለቤቱ ካልተገኘ እቀራለሁ" አሉ።

ስለዚህ ባለቤቱን ፍለጋ እኔ ወጣሁ። ያኔ ትቶልን የሄደው ስልክ ቁጥር አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ ቁልቁለት የሚወርዱ ፈረንጆች ሁሉ አንድ ዓይነት የራስ ቁር ስለሚያጠልቁ ስንቱን ሳይ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ትከሻውን ይዞ ስለ አደጋው የሚያወራ አንዱን አገኘሁ፤ ስለ ቁልቋሉም ያወራል። ጻፍኩለት፤ መለሰልኝ፤ ፊት ለፊት እየተያየን በስልክ ልንነጋገር ተቀጣጠርን።

በቀጠሮው ቀን አባቴ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። ሼኹ መጡ፣ ጎረቤት መጣ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ብስክሌቱ ታጥቦ መሃል ላይ ተደርጓል። ሰውዬው ስልኬ ላይ ብቅ አለ። ከኋላው ግድግዳ ላይ ሦስት ብስክሌቶች ተሰቅለዋል። ሰላምታ ተለዋወጥንና ስልኩን ወደ አማናው አዞርኩት። ሰውዬው ሳቀ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "አሁንም አለ እንዴ? ጭራሽ ረስቼዋለሁ! ኢንሹራንስ ወዲያው በሌላ ተክቶልኛል፣ እሱንም ቀይሬዋለሁ። ይሄን ዛሬ ማንም አይነዳውም። ለፈለጋችሁት ስጡት፣ ካልሆነም ጣሉት" አለ።

እንግሊዝኛ ማወቄን እንደዚያን ጊዜ ጠልቼው አላውቅም። ገና አፌን ሳልከፍት አባቴ፣ "ምን አሳቀው?" አሉኝ።

"ደስ ብሎት ነው፣ አባ።"

"ደስታስ አይደለም። ረስቶታል" አሉ። ሳቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አንገታቸውን ሲደፉ ሳይ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

"ለእርስዎ ሰጥቷል፣ አባ" አልኩ በመጨረሻ። ሼኹ እጃቸውን ዘረጉ፤ "አልሐምዱሊላህ! ባለቤቱ ለቀቀ፣ አበቃ!" ጎረቤቱም እልል ሊል ተነሳ። አባቴ ግን እጃቸውን አነሱ። "ከመቀበሌ በፊት አፉ ይበለኝ። ሳላውቅ የፍሬኑን ብረት ዘይት ቀብቻለሁ። መጥቶ ወጥቶበት ቢሆን ኖሮ ነፍሱ በእኔ ሰበብ ትጠፋ ነበር። ንገረው።" መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እየተመኘሁ ነገርኩት። ሰውዬው መሳቁን አቆመ። "ነድተውት ነበር?" አለኝ። ማንም አልነዳውም አልኩት። "ለምን?" አለ። "ያንተ ስለሆነ" አልኩት። በጦርነቱ ጊዜ እንዴት እንደተረፈም ነገርኩት፤ በንዴት ነው የነገርኩት፣ ፍራሾቹን ሳይቀር ቆጥሬ። ሰውዬው በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ደግ አደረግሁ አልኩ በልቤ። ይኼኔ ቢዘጋው ምን ነበረበት!

"ለማንም እንዳይሰጡት" አለ ሰውዬው። "ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ይጠብቁልኝ።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"በቅርብ። ከእነዚህ ዓመታት በአንዱ" አለና እጁን አውለብልቦ ጠፋ።

የተባለውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ለአባቴ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። "አስታወሰ!" አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ "እንግዲህ ሐጁ ይቆይ" አሉ። ቤቱ ታመሰ። ሼኹ ለመኑ፣ ጎረቤቱ ለመነ። "ካዕባ ከቦታው አይነቃነቅም። ይህ ሰው ግን ገና ዛሬ ነው ያስታወሰው፤ መጥቶ ቢያጣኝስ?" ይላሉ።

እኔ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ። "አባ! ሰውዬው ሦስት ብስክሌት ግድግዳ ላይ ሰቅሏል!"

"አራተኛው እኔ ዘንድ ነዋ" አሉ አባቴ፤ ሲናገሩ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ተራ ስንት ዓመት እንደጠበቁት ሁላችንም እናውቃለን።

"ለእኔ ያስረክቡኝ።"

ዞር ስንል እናቴ ናት። በሰው ፊት ነገር መሃል የምትገባ ሴት አይደለችም። አባቴ ያልሰሙ ይመስል፣ "ለአንቺ?" አሉ።

"ለእኔ። ሼኹ ለታማኝ ሰው ያስረክቡ አሉ። አንቱም ታማኝ ሰው ሲፈልጉ ከወልዲያ እስከ ሲሪንቃ ቆጠሩ። እኔ እዚችው በር ላይ ቆሜ ነበርኩ። ጦር የመጣ ጊዜ እዚህ ቤት ማን ነበር?"

ሼኹ ምንጣፉን እያዩ፣ "ይፈቀዳል... ከቤተሰብማ ማን ይበልጣል" አሉ ቀስ ብለው፤ ቀድሞ ስላልታያቸው ያፈሩ መሰለኝ። እኔም አፈርኩ፤ ስንት ሰው ስንቆጥር ሰነበትን፣ አንዳችንም እሷን አልቆጠርንም።

አባቴ ተነሱ። በሩ ድረስ ሄደው ፊቷ ቆሙ። መላ ሀብሩን ሲዞሩ፣ ጠብ የረሳውን ሰው ሳይቀር እየቀሰቀሱ ይቅርታ ሲለምኑ፣ እሷ ዘንድ አለመድረሳቸውን ሁላችንም ያየነው ያን ጊዜ ነው።

"አፉ በይኝ" አሏት።

እናቴ በአጠገባቸው አልፋ መጣች። ብስክሌቱን በመሪው ይዛ፣ በበሩ እንዲያልፍ አጋደመችና ወደ ጓዳ እየገፋች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

"ሄደው ይምጡ እስቲ፤ አስብበታለሁ" አለቻቸው።